ከሠርጉ 3 ቀን በፊት የፈረምኩት ውል ቀለብ ይከለክለኛል?

ጥያቄው የመጣው ካሊፎርኒያ ከምትኖር እህት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«በ2021 በእጮኛ ቪዛ መጣሁ። ለሠርጋችን ሦስት ቀን ሲቀረው እጮኛዬ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ወረቀት ይዞ መጣ። ‹ፎርማሊቲ ነው፣ እዚህ አገር ሁሉም ይፈርማል› አለኝ። የአጎቱ ልጅ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን እያገላበጠ በአማርኛ ነገረኝ። ጠበቃ አልነበረኝም። ኖተሪ ጋ ሄደን ፈረምኩ። ውሉ የየራሳችን ደመወዝ የየራሳችን እንደሚሆን፣ ብንፋታም አንዳችን ከሌላው ተቆራጭ እንደማንጠይቅ ይላል። አሁን አራት ዓመት ሆነን፤ የሁለት ዓመት ልጅ አለችን። ባለፈው ሳምንት የፍቺ ወረቀት ደረሰኝ። ከሱ ጋር ጠበቃው ‹12 ሺህ ዶላር ተቀብለሽ እንጨርስ› የሚል ስምምነት ልኮልኛል። እናቴ አዲስ አበባ ሆና ‹አራት ምስክር የሌለው የጋብቻ ውል ዋጋ የለውም› ትላለች። እዚህ ያሉ ጓደኞቼ ደግሞ ‹አንዴ ፈርመሻል፣ አለቀ› ይሉኛል። የማንን ልስማ?»

እህቴ፣ የሁለቱንም አትስሚ። እናትሽ የሚሉት እውነት ነው፤ ግን የዚህ አገር ሕግ አይደለም። ጓደኞችሽ የሚሉት ደግሞ በካሊፎርኒያ ከ2002 ወዲህ ለተፈረመ ውል በጭራሽ አይሠራም።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዢልኝ። ውሉ አንድ ወረቀት ቢሆንም ዳኛው በአንድ ሚዛን አይመዝነውም። ስለ ንብረት የሚናገረው ክፍል የራሱ መመዘኛ አለው። ስለ ቀለብ፣ ማለትም ውሉ «ተቆራጭ» ስላለው ለትዳር ጓደኛ የሚከፈል ገንዘብ፣ የሚናገረው ሌላ፣ ከዚያም የጠበቀ መመዘኛ አለው። ከሁለቱም ውጭ ደግሞ ውሉ ጨርሶ የማይደርስበት አንድ ግዴታ ባልሽ ላይ አለ። ሰው ሁሉ የሚረሳው ያንን ነው፤ እመለስበታለሁ።

የእናትሽን ነገር ላስቀድም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 44 ላይ የጋብቻ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል። ሁለት በባል በኩል፣ ሁለት በሚስት በኩል። ይህ ካልተሟላ ውሉ አይጸናም። እናትሽ ያሉት ይህንኑ ነው። ካሊፎርኒያ ግን ምስክር አትጠይቅም። በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ቅርጹ ይኸው ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤት ቀርበሽ «ምስክር አልነበረም» ብትዪ ማንም አይሰማሽም።

በነገራችን ላይ፣ ዘመዶችሽ «ከተፋቱ በኋላ ቀለብ የሚባል ነገር የለም» ብለውሽ ከሆነም ከአገር ቤቱ ሕግ ተነስተው ነው። እዚያ ክሱ በሂደት ላይ እያለ ፍርድ ቤቱ ለተጋቢ መተዳደሪያ ማዘዝ ይችላል። ከፍቺ በኋላ ግን በየወሩ የሚከፈል የትዳር ጓደኛ ቀለብ ሕጉ አልደነገገም። ያለው በአንቀጽ 84 ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን፣ ፍትሕ ካስገደደ፣ ካሣ እንዲከፍል የሚፈቅደው ነው። ካሊፎርኒያ በተቃራኒው ጥፋተኛውን አትፈልግም። የምታየው የአንቺን ፍላጎትና የሱን አቅም ነው።

የኖተሪው ማኅተምም አያስፈራሽ። እኛ ኖተሪ ሲባል ውልና ማስረጃ ይመስለናል። አዲስ አበባ ውልና ማስረጃ ስትሄጂ ሠራተኛው ሰነዱን ያያል፤ ከሕግ ጋር እንዳይጋጭ፣ ፈራሚውም የሚፈርመውን አውቆ እንዲሆን ያጣራል። እዚህ አገር ሱቅ ጥግ ላይ የተቀመጠው ኖተሪ የሚያረጋግጠው ፈራሚዋ አንቺ መሆንሽን ብቻ ነው። መታወቂያሽን አየ፣ ማኅተሙን መታ፣ ሂሳቡን ተቀበለ። ውስጡ ምን እንደተጻፈ አያገባውም።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ፤ ቀለብ አንጠይቅም የሚለው አንቀጽ።

የካሊፎርኒያ የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 1612 ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። ቀለብን የሚያስቀር ወይም የሚቀንስ አንቀጽ፣ መብቷን የምታጣው ሰው ስትፈርም የራሷ የሆነ ገለልተኛ ጠበቃ ካልነበራት አይጸናም። «ጠበቃ አልፈልግም» ብለሽ ፈርመሽ እንኳ ቢሆን ለዚህ አንቀጽ አያድነውም። ለሌላው የውሉ ክፍል ጠበቃን በጽሑፍ መተው ይቻላል። ለቀለብ አይቻልም። የባልሽ ጠበቃም ያንቺ ጠበቃ ሆኖ አይቆጠርም፤ ቢሮው ውስጥ ቡና ቢያቀርብልሽም።

ጠበቃ ቢኖርሽ ኖሮም ሁለተኛ በር ነበረ። አንቀጹ ተፈጻሚ በሚሆንበት ጊዜ፣ ማለትም ዛሬ በፍቺው ሰዓት፣ ውጤቱ ሕሊና የማይቀበለው ከሆነ ዳኛው አይቀበለውም። በ2021 ሁለታችሁም ሥራ ነበራችሁ እንበል። ዛሬ አንቺ ሕፃን ይዘሽ ቤት ተቀምጠሻል፣ እሱ ደህና ደመወዝ ያገኛል። የሚመዘነው የዛሬው ነው።

ስለዚህ የነገርሽኝ እውነት ከሆነ፣ በፊርማው ዕለት ጠበቃ ካልነበረሽ፣ የቀለቡ አንቀጽ ወድቋል ባይ ነኝ። በዚህ ብዙም አላመነታም። አንድ ነገር ብቻ አጣሪ። ውሉ መጨረሻ ላይ «በዚህ ግዛት ሕግ ይገዛል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኖራል። እዚያ ላይ ኔቫዳ ወይም ሌላ ግዛት ተጽፎ ከሆነ ክርክሩ መልኩን ይቀይራል።

የንብረቱ ክፍል ትንሽ ይከብዳል። ሕጉ ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት አንድ የታወቀ ጉዳይ ልንገርሽ። የቤዝቦል ኮከቡ ቤሪ ቦንድስ በ1988 ላስ ቬጋስ ላይ አገባ። ሙሽራዋ ከስዊድን የመጣች ነበረች። ውሉን የፈረመችው ከሠርጉ በፊት በነበረው ቀን ነው። እሱ ጠበቆች ነበሩት፤ እሷ አልነበራትም። ውሉ የየግል ገቢያቸው የየግላቸው ይሁን የሚል ነበር። ሲፋቱ ክርክሩ እስከ ካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2000 ፍርድ ቤቱ በፈቃዷ ፈርማለች የሚለውን የሥር ፍርድ ቤት ድምዳሜ አጸና። ሕግ አውጪዎቹ ግን ዝም አላሉም። በዓመቱ ሕጉን አሻሻሉ፤ ከ2002 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ አንቺ የምትቆሚበት መሬት ከዚያ የመጣ ነው።

በተሻሻለው ሕግ፣ ቁጥር 1615፣ ውሉ በፈቃድ እንዳልተፈረመ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ፍርድ ቤቱ የተወሰኑ ነገሮች መሟላታቸውን ካላረጋገጠ በስተቀር። መሟላታቸውን የማሳየት ጣጣው በተግባር ውሉን ይዞ በመጣው ሰው ጫንቃ ላይ ነው። ካንቺ ታሪክ ጋር የሚገናኙትን ላንሳ።

የመጀመሪያው ሰባት ቀን ነው። የመጨረሻው ረቂቅ እጅሽ ከገባበት እስከ ፈረምሽበት ቢያንስ 7 ቀን ማለፍ አለበት። ከ2020 መግቢያ ወዲህ ለተፈረመ ውል ይህ ጠበቃ ላለውም ለሌለውም እኩል ይሠራል። ያንቺ በ2021 ነው። ሦስት ቀን ብለሻል። እዚህ ላይ የሱ ጠበቃ የሚለው ይታወቃል፦ «ረቂቁን ከወር በፊት በኢሜይል ልኮላት ነበር»። ልኮልሽ ነበር ወይ? ከዚያ በኋላስ ዋና ነገር ተለውጧል? ኢሜይልሽን፣ ዋትሳፕና ቴሌግራምሽን ፈትሺ። «ነገ የምትፈርሚው ነገር አለ» የምትል አንዲት መልእክት ከቀኗ ጋር ብታገኚ ከአሥር ምስክር ትበልጥልሻለች። ስልክ እቀይራለሁ ብለሽ እንዳታጠፊያት።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ይህን የአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ። ጠበቃ የሌላት ፈራሚ፣ ውሉ የተጻፈበትንም ሆነ ማብራሪያው የተሰጠበትን ቋንቋ በደንብ የምታውቅ መሆን አለባት። ማብራሪያው ራሱ በጽሑፍ መሆን አለበት። የትኛውን መብት እንደምትተዪ የሚዘረዝር ወረቀት ከፊርማው በፊት ይሰጥሻል። እሱን መቀበልሽንና ማን እንዳስረዳሽ የሚገልጽ ሌላ ወረቀትም ትፈርሚያለሽ። ጠበቃ መተውሽንም እንዲሁ ለብቻው በተዘጋጀ ወረቀት ላይ ነው የምትፈርሚው፤ ጠበቃ ያዢ የሚለው ምክርም ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት ተሰጥቶሽ መሆን አለበት። የአጎት ልጅ መኪና ውስጥ ገጽ እየገለጠ የነገረሽ ከዚህ አንዱንም አያሟላም።

ግን ተጠንቀቂ። እንግሊዝኛሽ ዛሬ ጥሩ ከሆነ በ2021 ምን ደረጃ ላይ እንደነበር ማሳየት ሊኖርብሽ ነው። ስትመጪ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ተመዝግበሽ ከነበረ ወረቀቱን ፈልጊ። በሌላ በኩል አገር ቤት ዲግሪሽን በእንግሊዝኛ ተምረሽ፣ ባንክ ውስጥ በእንግሊዝኛ ስትጽፊ የኖርሽ ከሆነ «አልገባኝም» የሚለውን ዋና መከራከሪያሽ አታድርጊው። ዳኛው ፊት አንድ ቦታ ላይ ካልታመንሽ ሌላውም ይበላሻል። ያኔ በሰባቱ ቀንና በጎደሉት ወረቀቶች ተከራከሪ፤ እነሱ ይበቃሉ።

ሌሎች ግዛቶች ያላችሁ አንባቢዎች፣ የ7 ቀኑና የቋንቋው ደንብ የካሊፎርኒያ ነው። ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ግዛቶች እንዲቀበሉት በ1983 የተዘጋጀውን ወጥ የቅድመ ጋብቻ ውል ሕግ ተቀብለዋል፤ በዚያ ሕግ ውስጥ ሰባት ቀን የሚባል የለም። ሜሪላንድ ደግሞ ወጥ ሕጉን ስላልተቀበለች ጉዳዩን በፍርድ ቤት ውሳኔዎች ነው የምትዳኘው፤ እዚያ ክብደት የሚሰጠው ሀብትን ሳይደብቁ ለማሳወቅ ነው። አንድ አካባቢ ተሰባስበን ብንኖርም የፖቶማክን ወንዝ ስትሻገሩ ሕጉ ይለወጣል።

ውሉ በሙሉ ከወደቀ ምን ይመጣል? ከሠርጉ ቀን እስከተለያያችሁበት ቀን በሥራ የተገኘው ሁሉ የጋራ ይሆናል። የሱ ደመወዝ፣ ጡረታው ውስጥ በእነዚህ ዓመታት የገባው ገንዘብ። ያንቺም ደመወዝ እንደዚሁ፤ ይህ ሲነገር ብዙ ሰው ይደነግጣል። በእነዚያ ዓመታት የተገባ ዕዳም አብሮ ይከፈላል።

ቤቱን ከጋብቻ በፊት ገዝቶት ከሆነ «የኔ ነው» ይላል። በአብዛኛው የሱ ነው። ነገር ግን በትዳር ዘመናችሁ ከደመወዝ የሞርጌጁ ዋና ብድር ሲከፈል ከነበረ የጋራ ድርሻ ተፈጥሯል። አሠራሩን በምሳሌ ልየው። ቤቱ የተገዛው በ600 ሺህ ዶላር ነው እንበል። በትዳሩ ጊዜ ከዋናው ብድር 30 ሺህ ተከፈለ፤ የግዢውን 5 በመቶ ማለት ነው። በዚያው ጊዜ የቤቱ ዋጋ በ200 ሺህ ጨመረ። የጭማሪው 5 በመቶ 10 ሺህ ነው። 30 እና 10 ሲደመር 40 ሺህ የጋራ ይሆናል፤ ያንቺ ግማሽ 20 ሺህ። ወለድ፣ ታክስና ኢንሹራንስ አይቆጠሩም። 12 ሺህ ተቀበዪ ያለሽ ሰው ይህን ሂሳብ ሳይሠራ አይቀርም።

የልጅቷ ቀለብ ውስጥ ረጅም ወሬ የለም። መብቱ የልጅቷ ነው፤ እናትና አባት ከሠርግ በፊት ተፈራርመው ሊቀንሱባት አይችሉም። ውሉ ውስጥ ስለዚህ የተጻፈ ካለ እንዳልተጻፈ ቁጠሪው።

አሁን እመለስበታለሁ ወዳልኩት። ግሪን ካርድሽ ሲጠየቅ ባልሽ አይ-864 የሚባል ቅጽ ፈርሟል። በኛ ሰው አፍ «አፊዳቪት» ወይም «ስፖንሰር» የሚባለው። ለእጮኛ ቪዛው መጀመሪያ የሞላው አይ-134 ሌላ ነው፤ አታምታቺው። አይ-864 ባልሽ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የገባው ውል ነው፣ አንቺም በሱ ላይ ተመርኩዘሽ መክሰስ ትችያለሽ። ግዴታው ገቢሽ ከፌደራሉ የድህነት መስመር 125 በመቶ በታች እንዳይወርድ ማድረግ ነው። በ2025 ለአንድ ሰው መስመሩ 15,650 ዶላር ነበር። 125 በመቶው 19,562 ዶላር ገደማ፣ በወር ሲሰላ 1,630 ይሆናል። የራስሽ ገቢ ከዚህ ላይ ይቀነሳል። ወር ላይ 700 ካገኘሽ ልዩነቱን እሱ ይሸፍናል።

ይህ ግዴታ በፍቺ አይቆምም። የሚቆመው ዜግነት ስታገኚ፣ ወይም 40 የሥራ ሩብ ዓመት (አሥር ዓመት ገደማ ሥራ) ሲቆጠርልሽ፣ ወይም ነዋሪነትሽን ትተሽ ከአገር ስትወጪ፣ ወይም አንዳችሁ ስትሞቱ ነው። ከሠርግ በፊት የተፈረመ ውልም አያቆመውም። ካሊፎርኒያን የሚያጠቃልለው የ9ኛው ምድብ የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2016 ይህንኑ ወስኗል። ከቱርክ የመጣች ሚስት ነበረች። ቀለብ አልጠይቅም ብላ ከሠርግ በፊት ፈርማለች። ከተፋታች በኋላ ከትልቅ ልጇ ጋር መኖር ጀመረች። ባልየው «የልጇ ገቢ ይበቃታል» አለ። ፍርድ ቤቱ የሚታየው የሷ ገቢ እንጂ የልጇ አይደለም፤ ውሉም ፍቺውም ግዴታውን አላነሱለትም አለ። በ2017 ደግሞ የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህን ክስ እዚያው የፍቺ መዝገብ ውስጥ ማንሳት እንደሚቻል፣ ባልየውም «ሥራ አልፈለገችም» ብሎ ማምለጥ እንደማይችል ወሰነ።

ለወንድሞችና ለአጎቶች አንድ ቃል። የሙሽራው ደመወዝ ሳይበቃ ሲቀር «ለወግ ነው፣ ፈርምልኝ» ተብላችሁ ሁለተኛ ስፖንሰር የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። ግዴታው እናንተም ላይ አለ። እነሱ ቢፋቱም አለ።

ስለ መጠን ሳልዋሽሽ ልንገርሽ። ጋብቻው ከ10 ዓመት በታች ስለሆነ የትዳር ጓደኛ ቀለቡ በአብዛኛው የጋብቻውን ግማሽ ያህል ጊዜ ነው የሚዘልቀው። ለአራት ዓመት ጋብቻ ሁለት ዓመት ገደማ። ዳኛው ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ዕድሜሽን፣ የሥራ ችሎታሽን፣ ልጅ ማሳደግሽን፣ ኑሯችሁ ምን ይመስል እንደነበር ያያል። ድብደባ ወይም ማስፈራራት ከነበረ እሱም ይቆጠራል፤ ካለ ለጠበቃሽ በመጀመሪያው ቀን ንገሪ። ዕድሜ ልክ የሚከፈል ቀለብ ያገኘች ሴት ወሬ ሰምተሽ ከሆነ ያንቺ ጉዳይ እንደዚያ አይደለም።

አሁን ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። የፍቺው ወረቀት በእጅሽ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ምላሽ ለማስገባት 30 ቀን አለሽ። ቅጹ ኤፍኤል-120 ይባላል። ካለፈሽ እሱ አንቺ በሌለሽበት እንዲወሰንለት መጠየቅ ይችላል፤ ያኔ ከላይ ያወራነው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። ምላሹ ላይ ቀለብ እንደምትጠይቂና ውሉን እንደምትቃወሚ ይጻፍ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ጊዜያዊ ቀለብ መጠየቂያው ኤፍኤል-300 ነው፤ ገቢና ወጪሽን የምትገልጪበት ኤፍኤል-150 አብሮት ይገባል። የጠበቃ ገንዘብ ከሌለሽ፣ እሱ አቅም ካለው ያንቺን ጠበቃ ወጪ እንዲከፍል ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ትችያለሽ። ለመነሻ ያህል በየካውንቲው ፍርድ ቤት ነጻ የራስ አገዝ ማዕከል አለ። የአማርኛ አስተርጓሚም ቀደም ብለሽ ጠይቂ፤ በችሎት ላይ የአጎት ልጅ አይጠቅምሽም።

ግሪን ካርድሽ የሁለት ዓመቱ ከሆነና ገና ካልተቀየረ፣ በእውነት የተጋባሽ መሆንሽን አስረድተሽ ብቻሽን ማመልከት ይቻላል። ግን ያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሥራ ነው፤ የፍቺው ጠበቃ «እኔ አየዋለሁ» ቢልሽ ሌላም ጠይቂ።

ጠበቃው የላከልሽን ስምምነት በተመለከተ፣ ዛሬ አትፈርሚ። በካሊፎርኒያ የሚፋቱ ሰዎች ሀብትና ዕዳቸውን በቅጽ ሞልተው መለዋወጥ ግዴታቸው ነው። ያንን ሳታዪ 12 ሺህ ብዙ ይሁን ትንሽ የምታውቂበት መንገድ የለም። የስምምነቱን መሃል ገጾችም በደንብ አንብቢ፣ ወይም ለጠበቃ አስነብቢ። «በአይ-864 ያለኝን መብት ትቻለሁ» የምትል መስመር ተሸጉጣ ልታገኚ ትችያለሽ። በፍቺ ስምምነት ላይ የተጻፈ እንዲህ ያለ መተው ይጸናል አይጸናም በሚለው ፍርድ ቤቶች አንድ አቋም የላቸውም። ያቺ መስመር ካለች እስክትወጣ ድረስ እስክሪብቶ አታንሺ።